ከተዋንያኑ ኋላ ያለፈችው ሴት

በ1979 ዓ.ም. ዓለም ከተማ ውስጥ ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም የቀበሌው አዳራሽ። ቴሌቪዥን ይባል እንጂ የጣቢያ ሥርጭት አይደርሰውም ነበር። በጭድ ተጠቅጥቆ፣ በጭነት መኪና የጀማ ወንዝን ቁልቁለትና ዳገት አልፎ የመጣው ለፖለቲካ ትምህርት ተብሎ ነው። የቪዲዮ ካሴቶቹ በየሁለት ወሩ ከአዲስ አበባ ይላካሉ፤ የታዩት ይመለሳሉ። እሁድ ከስብሰባ በኋላ ዳኜ የሚባለው የአዳራሹ ሠራተኛ ጄኔሬተሩን ያስነሳል፤ ሕዝቡም አግዳሚው ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። መጀመሪያ ንግግር ይመጣል፣ ቀጥሎ የአብዮት በዓል ሰልፍ፣ ከዚያ ስለ ማዳበሪያና ስለ እርሻ የተሠራ ፊልም። ብዙው ሰው እስከ ሰልፉ ድረስ ይታገሥና ቀስ እያለ ሹልክ ይላል።

የትምወርቅ ግን እስከ መጨረሻው ትቀመጥ ነበር። የማዳበሪያው ነገር ገዷት አይደለም፤ ቤት ብትሄድ የሚጠብቃት ሰው ስለሌለ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። በአውራጃው አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት፤ እትዬ ዙሀራ ከሚባሉ ጨርቅና ጨው ነጋዴ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች። ሁለት ሽማግሌ ልኮባት የነበረ አንድ አስተማሪ ነበር፤ እሺም እምቢም ሳትለው ዓመት ቆይቶ ሌላ አገባ። ቀኑን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ስትመታ ትውልና ከሥራ ስትወጣ ከእትዬ ዙሀራ ጋር ከምትለዋወጠው ሰላምታ በቀር አፏን የምትከፍትበት ጉዳይ የሌለባቸው ቀናት ብዙ ነበሩ።

ከተማው ስለ እሷ የሚያውቀው ጥቂት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ታይፕ የተማረች፣ የመሪጌታ ገብረ አማኑኤል ልጅ። መሪጌታ ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ ባለች ደብር ዜማ ያስተምሩ ነበር፤ ካረፉ ሦስት ዓመታቸው። ልጃቸውን በ1969 ከአዲስ አበባ ባመጧት ጊዜ «አክስቷ ዘንድ ስፌት ስትማር ቆይታ ነው» ብለው ለጎረቤት የተናገሩት እሳቸው ናቸው። በዚያ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች ከመባል ልብስ ሰፊ ነበረች መባል ይሻል ነበር። እሷም የአባቷን ቃል እንደያዘች አሥር ዓመት ሞላት። የሥራ ቅጥር ፎርም ላይ እንኳ የጻፈችው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ብቻ ነው።

መጋቢት በገባ በመጀመሪያው እሁድ ዳኜ አዲስ የመጣ ካሴት አስገባ። ንግግሩ አለቀ። የማዳበሪያው ፊልም አለቀ። ሰው ሊነሣ ሲንጠራራ ሙዚቃ ተሰማ።

«ተቀመጡ፣ ተቀመጡ! ድራማ አለው!» አለ ዳኜ።

ድራማው አራት ክፍል ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብተው አንድ ዶርም ስለ ደረሳቸው አራት ተማሪዎች ነው። አንደኛው የገጠር ልጅ ነው፤ የቆርቆሮ ሣጥኑን በሦስት ቁልፍ ቆልፎ፣ ቁልፎቹን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል። ቤተ መጻሕፍት ገብቶ እንደ ዳዊት ጮክ ብሎ ማንበብ ሲጀምር አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከኋላ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ እንባቸውን ይጠርጉ ነበር።

የትምወርቅ አልሳቀችም። ዓይኗ ከልጁ ኋላ ያለውን ነበር የሚያየው። የስድስት ኪሎን የድንጋይ በር አየች፤ ከበሩ ወደ ውስጥ የሚወስደውን ጽድ የበዛበት መንገድ አየች፤ የቤተ መጻሕፍቱን ደረጃ አየች። እዚያ ደረጃ ላይ ስንት ከሰዓት በኋላ ተቀምጣለች! አጠገቧ የነበረችው ሴት «ምነው፣ አመመሽ?» አለቻት።

በ1966 ዓ.ም. እዚያ የገባችው ታሪክ ልትማር ነበር። ዶርም የደረሳት ጌታነሽ ከምትባል የዘመሮ ልጅ ጋር ነው። የመንዝና የመርሐቤቴ ልጆች ስለሆኑ «አገራችን» የሚሉት አንድ ነው፤ ብርዱን ያማሉ፣ የሰውን አነጋገር እያነሡ ይስቃሉ። ጌታነሽ ስትሄድ ቀኝ እጇን እንደ ሽማግሌ ከኋላዋ ወገቧ ላይ ጣል ታደርግ ነበር። «ባላባቷ መጣች» ይሏታል ልጆቹ። ብዙም ሳይቆይ ለውጡ መጣ፤ ትምህርቱ ተቋርጦ ተማሪው ሁሉ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ተላከ። ሁለቱም በየተመደቡበት ቆይተው በ1969 ተመለሱና፣ ክፍሉን ለምነው፣ እንደገና አብረው ገቡ። ግን ዩኒቨርሲቲው የድሮው አልነበረም። ትናንት አብሮ ያጠና ተማሪ ዛሬ የት ነው ሲባል ሰው ወሬ ይቀይራል።

በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ማለዳ ዘበኛው «አባትሽ በር ላይ ናቸው» ብሎ አስጠራት። መሪጌታ ካባቸው አቧራ ለብሶ ቆመዋል።

«እናትሽ ታማለች። ጽኑ ነው። መኪናው ይሄድብናል፣ ቶሎ በይ» አሏት።

ወደ ክፍሏ ሮጣ ተመለሰች። ከሁለት ቀን በላይ የሚሄድ ሰው ፍራሹን መጠቅለል ልማድ ስለነበር ፍራሿን ጠቀለለች፤ ጋቢዋን ያዘች። ጌታነሽ ለፈተና ስታነብ አምሽታ ገና ሸለብ ማድረጓ ነበር። የትምወርቅ እጇን ዘርግታ ልትቀሰቅሳት አለችና፣ ትተኛ ብላ፣ መለሰችው። በሳምንቱ እመለሳለሁ ብላ ነበር።

ቤት ስትደርስ እናቷ አስካለ ማርያም ደጅ ላይ ገብስ ሲያሰጡ አገኘቻቸው። አልታመሙም። የአዲስ አበባውን ግድያ የሰሙት አባቷ ዋሽተው ነው ያመጧት። አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ እመለሳለሁ አለች። «ሬሳሽን ከማነሣ ቂምሽን ልሸከም» አሏት መሪጌታ። ለጌታነሽ ሁለት ደብዳቤ ጻፈች፤ መልስ የለም። በዓመቱ አንድ መንገደኛ ያቺ ክፍል እንደ ተፈተሸችና ልጅቱን ታጣቂዎች እንደ ወሰዷት ነገራት። ከዚያ ወዲህ የትምወርቅ ጌታነሽን ከሙታን ጋር ቆጥራ፣ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ስሟን ለካህን እየሰጠች ታስጸልይ ነበር።

እና አሁን ይኸው ድራማ። በሁለተኛው እሁድ ሁለተኛውን ክፍል አየች። ተማሪዎቹ ፈተና ይወድቃሉ፣ በፍቅር ይጣላሉ፣ ተበዳድረው ይቀያየማሉ። የሚጠፋ ሰው ግን የለም። ማታ አራት ሆነው ይተኛሉ፣ ጠዋት አራት ሆነው ይነሣሉ። እውነቱን አልነገሩም ብላ ልትናደድ ፈለገች፤ አልቻለችም። እንደዚያ ሆኖ ቢሆን ኖሮ እያለች ነበር የምታየው።

በሦስተኛው ክፍል አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተማሪ የቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ቆመው ሲጣሉ፣ ከኋላቸው አንዲት ሴት አለፈች። መጻሕፍት በግራ ክንዷ አቅፋለች። ቀኝ እጇ ከኋላዋ፣ ወገቧ ላይ ነው።

የትምወርቅ ከአግዳሚው ተነሣች።

«ቁጭ በይ፣ ጋረድሽን!» ብለው ጮኹባት።

ሕዝቡ ሲበተን ዳኜ ሽቦዎቹን እየጠቀለለ ነበር። በአርባዎቹ መጨረሻ ያለ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከሰው ይልቅ ለዕቃ የሚራራ ሰው ነው።

«ጋሼ ዳኜ፣ እባክህ ያንን ቦታ አንዴ መልስልኝ።»

«የቱን?»

«ደረጃው ላይ የሚጣሉበትን። ከኋላ የምታልፍ ሴት አለች።»

«ለአንድ መንገደኛ ብዬ ናፍጣ ላቃጥል? ደግሞ ሲመላለስ ካሴቱን ይበላዋል።»

«የማውቃት ሴት መሰለችኝ። የሞተች ነበረች።»

ዳኜ ሽቦውን አስቀመጠ። «ነገ በምሳ ሰዓት ነይ። ጄኔሬተሩን የምፈትሽበት ቀን ነው» አላት።

በማግሥቱ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ሆነው ተቀመጡ። ዳኜ ምስሉን ሲያቆመው የቴሌቪዥኑ መስኮት በነጫጭ መስመር ይንቀጠቀጣል፤ ሴትዮዋ በመስመሮቹ መሀል ቆማ ቀረች። ፊቷ በደንብ አይለይም። ከጌታነሽ ትወፍራለች፤ ፀጉሯ አጭር ነው። ሲለቀው ግን ያ እጅ፣ ያ አካሄድ የሌላ ሰው ሊሆን አይችልም። ዳኜ ሳትጠይቀው መለሰላት። ደግሞም መለሰላት። የምሳ ሰዓቷ አለቀ። ካሴቱ እስኪመለስ ድረስ በየሰኞው እየመጣች አየችው፤ እሁድ ያየችውን ጨምሮ አሥራ አንድ ጊዜ ሆነ። አራተኛውን ክፍልም አይታለች፤ ተማሪዎቹ ጥቁር ካባ ለብሰው ይመረቃሉ። እሱን አንድ ጊዜ ካየችው በኋላ አልደገመችውም።

አዲስ አበባ ሄዳ ልታረጋግጥ ብትነሣ መሥሪያ ቤቷ ሥራ በዝቷል ብሎ ፈቃድ ከለከላት። ፈቃዱ ሲገኝ ክረምቱ ገባና የጀማ መንገድ ተዘጋ። ያን ክረምት እንዴት እንዳሳለፈችው ለራሷም አይገባትም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው፣ ብታገኛት የምትላትን እያሰበች ትቀመጣለች። አንድ ቀን እትዬ ዙሀራ ንፍሮ ይዘው ሲገቡ እያለቀሰች አገኟት። ያኔ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ዩኒቨርሲቲውን፣ የአባቷን ውሸት፣ ጌታነሽን፣ ካሴቱን። ለሰው ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነው።

እትዬ ዙሀራ ንፍሮውን አስቀምጠው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ስፌት የተማርሽ አለመሆንሽንስ አውቄ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «የቀሚስሽን ጫፍ እኔ አይደለሁ የምሰፋልሽ!»

በእንባዋ መሀል ሣቀች።

«ለጥቅምት ለዕቃ መርካቶ እወርዳለሁ። አብረሽኝ ሂጂ።»

«የይለፍ ወረቀት ማን ይሰጠኛል፣ እትዬ? ምን ልበላቸው?»

«ለዓይኔ ነው በያቸው። ወላሂ ውሸት አይሆንብሽም። ዓይንሽ ያየውን ልታረጋግጪ አይደል የምትሄጂው?»

በጥቅምት 1980 በጭነት መኪና ጀማን ወርደው፣ ወጥተው፣ ለሚ ከተማ አደሩ፤ በማግሥቱ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገቡ። እትዬ ዙሀራ ዘመድ ዘንድ አሳደሯት። ጠዋት ብቻዋን ስድስት ኪሎ ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ተማሪዎች እየተሳሳቁ በአጠገቧ ያልፋሉ፤ አንዳንዶቹ «ይቅርታ፣ እማማ» እያሉ። እማማ ስትባል ያ የመጀመሪያዋ ነው።

«ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጌታነሽ የምትባል ሠራተኛ ትኖራለች? ጌታነሽ ኃይለ ኢየሱስ?» ብላ፣ በድራማው መጻሕፍት አቅፋ ማየቷን ይዛ፣ ዘበኛውን ጠየቀችው።

«ጌታነሽ? አለች እንጂ። አሁን ገባች» አላት እንደ ቀላል ነገር።

የትምወርቅ ግንቡን ተደግፋ ቆመች። ዘበኛው ሮጦ በጣሳ ውሃ አመጣላት።

ጌታነሽ ስትጠራ ወጥታ ደረጃው ላይ ቆመች። መነጽር አድርጋለች።

«እርስዎ ነዎት የፈለጉኝ?» አለች። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች። ፊቷ ላይ መጀመሪያ የመጣው ደስታ አልነበረም።

የትምወርቅ ልታቅፋት ሄደች። ጌታነሽ አልሸሸችም፤ ግን እጆቿን አላነሣችም።

ጽዱ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የትምወርቅ ስለ ድራማው ነገረቻት። ጌታነሽ ድራማው እንደተቀረጸ ታስታውሳለች፤ አይታው ግን አታውቅም።

«እኔ ቴሌቪዥን የለኝም። ምን እመስላለሁ?»

«እንደ ድሮሽ።»

«እንደ ድሮዬስ አይደለሁም» አለች ጌታነሽ። ከዚያም ፊት ፊቷን እያየች እንዲህ አለች፦ «አንቺ የሄድሽ ዕለት ማታ መጡ። እኔንና አንቺን በስም ነው የፈለጉን። ያንቺ ፍራሽ ተጠቅልሏል። ወስደው፣ ማን አስጠነቀቃት እያሉ ገረፉኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? ሳትሰናበቺኝ ነው የሄድሽው። በኋላ እስር ቤት ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ አንቺ ራስሽ አስይዘሽኝ የሄድሽ መሰለኝ። አምስት ዓመት ታሰርኩ። አምስቱንም ዓመት ያንን ፍራሽ ሳስብ ነበር።»

የትምወርቅ ክረምቱን ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር አንዱም ለዚህ አይሆንም። ቀስ ብላ ስለ አባቷ፣ በር ላይ ስለ ቆሙት፣ ገብስ ሲያሰጡ ስላገኘቻቸው እናቷ ነገረቻት።

«ልቀስቅስሽ ብዬ እጄን ዘርግቼ ነበር። አምሽተሽ ስለነበር አሳዘንሽኝ።»

ጌታነሽ መነጽሯን በነጠላዋ ጫፍ ደጋግማ ጠረገች።

«ብትቀሰቅሺኝ ምን ትይኝ ነበር?»

«እናቴ ታመመች።»

«እኔም እግዜር ይማርልሽ ብዬ ተመልሼ እተኛ ነበር። ከመታሰር አታስቀሪኝም።» መነጽሯን መልሳ አደረገች። «ጥላቻው ግን ይቀርልኝ ነበር። ከእስራቱ እሱ ይከብድ ነበር።»

«ይቅር በይኝ።»

«አምኜሻለሁ። አንቺ ዋሽተሽ አታውቂም። ግን የትሜ፣ ያን ያህል ዘመን የጠላሁትን ሰው በአንድ ጠዋት እንደ ድሮው ልወደው አልችልም። ልሞክር ብል እንኳ ሰውነቴ እምቢ ይለኛል።»

የሻይ ሰዓት አልቆ ሠራተኞች መመለስ ጀመሩ። ጌታነሽ ተነሣች። አድራሻዋን ጠይቃ ወረቀት ላይ ያዘች።

«አንቺ አትጻፊልኝ። ከቻልኩ እኔ እጽፍልሻለሁ» አለቻት።

በመልሱ መንገድ እትዬ ዙሀራ «አለች?» ብለው ጠየቁ። «አለች» አለች የትምወርቅ። ከዚያ በላይ አልጠየቋትም። ለሚ ድረስ ትከሻቸውን ሰጥተዋት፣ እሷም ዓይኗን ጨፍና ሄደች።

ዓለም ከተማ እንደገባች በመጀመሪያው ቅዳሜ እናቷ ዘንድ ሄደች። አስካለ ማርያም ሰምተው ሲያበቁ «አባትሽ እኮ እስኪሞቱ ያችን ልጅ ያነሡ ነበር። ለሁለቱም ቦታ ነበረኝ፣ ሁለቱንም ባመጣኋቸው ኖሮ፣ ይሉ ነበር» አሏት። የትምወርቅ አባቷን በሕይወት ሳሉ አንድም ቀን አላመሰገነቻቸውም ነበር። ያን ቀንም መቃብራቸው ላይ ቆማ፣ ልታመሰግናቸው ይሁን ልትወቅሳቸው ሳትወስን፣ ጀንበር አዘቀዘቀችባትና ተመለሰች።

በግንቦት አንድ ደብዳቤ መጣ። አምስት መስመር ነው። ጌታነሽ ድራማው ሲደገም ጎረቤት ሄዳ አይታዋለች። «ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም» ትላለች። «በዚያ ውስጥ እኔን ማወቅሽ ሌሊቱን ሲያስገርመኝ አደረ። ደኅና ነኝ። አንቺም ደኅና ሁኚ።» የትምወርቅ አትጻፊልኝ የተባለችውን ረስታ አራት ገጽ መለሰችላት። ለዚያ መልስ አልመጣም። ሁለተኛ አልጻፈችም።

አዳራሹ መሄዷንም ተወች። ዳኜ አንድ ቀን መሥሪያ ቤቷ ድረስ መጥቶ፣ ሌላ የተማሪዎች ድራማ መምጣቱን ሊነግራት ፈልጎ፣ በር ላይ ቆሞ ኮፍያውን እያሻሸ «ካሴት መጥቷል» ብቻ አላት። አመሰገነችው። እሁድ ግን አልሄደችም።

በ1981 ራቤል ከተማ ታይፒስት ሲጠፋ ወደዚያ መዛወር የሚፈልግ ተጠየቀ። ብርዱን ፈርቶ ሁሉም ዝም ሲል የትምወርቅ እጇን አነሣች። እትዬ ዙሀራ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰጥተው፣ መኪናው እስኪንቀሳቀስ ቆመው ሸኟት።

ራቤል ስትደርስ ጉም ከተማውን ውጦታል። የአስተዳደር ሠራተኛው አዲስ ፎርም ሰጣት። የትምህርት ደረጃ የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ ጥቂት ቆየችና ጻፈች፦ ዩኒቨርሲቲ፣ ታሪክ፣ ሁለተኛ ዓመት፣ ያቋረጠች።

ሰውዬው አነበበው። «በፋይልሽ ላይ አሥራ ሁለተኛ ነው የሚለው።»

«አዎ። ያኛው ትክክል አይደለም።»

«ለምን አቋረጥሽ?»

«አባቴ መጥተው ወሰዱኝ። በማታው ጓደኛዬን አሰሯት።»

ሰውዬው ቀና ብሎ አያት፤ በሩንም ገልመጥ አደረገ። ከዚያ ማኅተሙን መታና ፎርሙን ፋይሉ ውስጥ ከተተው።

«ማደሪያ አግኝተሻል?» አላት።

«ገና ነኝ።»

«ከገበያው በላይ ባለው መንገድ ጠይቂ። ክፍል የሚያከራዩ አሉ።»

የትምወርቅ ብርድ ልብሷን አንሥታ፣ አሥር እርምጃ በማያሳየው ጉም ውስጥ ቤት ልትፈልግ ወጣች።